በበረዷማ ተዳፋት ላይ ተያይዞ መሄድ

የምትወዱትን ሰው ከአደጋ ለመጠበቅ ስታስረዱት፣ እናንተን ለማጽናናት የሰጣችሁ መልስ የባሰ አስጨንቋችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው የብርድ ወቅት አስጨንቆኛል።

የእህቴ ባል አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከሦስት አበሻ የሥራ ጓደኞቹ ጋር ኮሎራዶ ሄደው፣ የበረዶ ናዳ ጥበቃ ከሚደረግለት የመዝናኛ ቦታ ውጭ ያለ ተራራ በረዶ ውስጥ በማያሰምጥ ሰፊ ጫማ ሊወጡ ተስማሙ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ያለው ቤታቸው ሄጄ ትሪ ላይ ፎጣ አነጠፍኩ። በፎጣው ላይ ዱቄት፣ በዱቄቱ ላይ ስኳር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠቅጠቅ ያደረግኩትን ዱቄት ደረብኩ።

«ስኳሩ ብርድ ያደረቀው፣ እርስ በርሱ መያያዝ ያቃተው በረዶ ነው» አልኩት። «የላይኛውን ነፋስ ጠቅጥቆታል። ሲያዩት ጠንካራ ነው፤ የቆመው ግን ስኳር ላይ ነው።»

ትሪውን አዘነበልኩት፤ ምንም አልሆነም። በጣቴ ጫን ሳደርገው የላይኛው ዱቄት ተሰነጠቀና ባንዴ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

«እሱን አንቺ ነሽ የምትጠርጊው» አለች እህቴ።

ባሏ ከዱቄቱ ቀና አለ። «እሺ ቲቸር፣ ገባኝ። የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያውንም አካፋውንም ሬንት እናደርጋለን። ደግሞ አታስቢ፣ አንለያይም። አራታችንም ተያይዘን ነው የምንሄደው።»

የባሰ የተጨነቅኩት ያኔ ነው። እኛ ስንጓዝ ሰው ጥሎ መቅደም ነውር ነው፤ አንዱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ቢል ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። በረዷማ ተዳፋት ላይ ግን አራት ሰው ተጠጋግቶ ሲቆም ክብደቱ ይበረታል፤ በረዶው ከተናደም ሁሉንም ይቀብርና ቆፍሮ የሚያወጣ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ በአንድ መሻገር እንዳለባቸው፣ የቀሩትም ናዳው የማይደርስበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ማየት እንዳለባቸው ነገርኩት።

«ሶ፣ ጓደኛዬ ላይ ሲናድ እኔ ዳር ቆሜ ልመለከት ነው?»

«የት እንደተቀበረ አይተህ እንድታወጣው ነው።»

«ክፉ አታውሪ» አለች እህቴ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እነሱ ኮሎራዶ ከገቡ በኋላ፣ የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ አንብቤ ላኩለት። ተዳፋት ቦታዎች አደገኛ ናቸው ይላል። «አይተነዋል» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ስልኩ አልሠራም። እህቴ ጋ ሄድኩ። ውጭ ጎረቤቷ በቲሸርት መኪናውን ያጥባል። እሷ አንዱን ሳህን ደጋግማ ታጥባለች።

«ይኼን ሁሉ ባትነግሪን ኖሮ ዛሬ እንቅልፌን እተኛ ነበር» አለችኝ።

አመሻሽ ላይ ባሏ እህቴ ስልክ ላይ ደወለ፤ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«ሆቴል ነን» አለ። «ተዳፋቱ ጋ ስንደርስ ያልሽውን ነገርኳቸው። ማን ብቻውን ይቅደም? ታላቃችን እኔ ልሂድ አለ፤ እሱን እንዴት እንላከው? ትንሹንም ማንም አይልከውም። እኔ ልቅደም ስል ልጆች አሉህ ብለው ጃኬቴን ያዙኝ። ስንከራከር በረደን፤ ተመለስን።»

እህቴ ስልኩን እንደያዘች ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። የመለሳቸው እርስ በርስ መተሳሰባቸው እንጂ የበረዶውን ጠባይ ማወቃቸው አልነበረም። አንድ ደፋር ቢገኝ ኖሮ ሁሉም ይከተሉት ነበር። ከስልኩ ወዲያ ደግሞ አንዱ «ለከርሞ እንመለሳለን» ሲል ሰምቻለሁ።

እናንተም እንዲህ ያለ ተራራ ልትወጡ ካሰባችሁ፣ ገና ከቤት ሳትወጡ አብረዋችሁ የሚሄዱትን ሰብስቡና «ብቻውን ቀድሞ የሚሻገረው ማን ነው? የምንልከውስ ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በስም ጥሩ። ስም መጥራት ካቃታችሁ፣ ተዳፋት የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። እስኪ ሞክሩት።