የአንቱታ በሽታ

መርሳ ውስጥ ሰው ፀጉሩ ሲሸብት ሁለት ነገር በነፃ ያገኛል፤ አንቱታና ምርመራ። ምርመራው አንዲት ቃል ነው፤ «እርጅና»። ዓይን ሲፈዝ እርጅና፣ እግር ሲያብጥ እርጅና። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ውጤት አያስጠብቅም፣ ተሳስቶም አያውቅም።

አባቴ መካኒክ ነው። ሾፌሮቹ «አንተ» ማለት ትተው «አንቱ» ሲሉት ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከመኪና ሥር ወጥቶ ብድግ ሲል ያዞረው ጀመር። አንድ ቀን የሚኒባስ በር ባይዝ ኖሮ በግንባሩ ይደፋ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ጋራዡ እንዲዘጋ ወሰነ። «በቃ፣ አሁንስ ይረፉ» አሉት። ዕረፍት የሚሉት ደጅ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚያልፍ መኪና ማየት ነው። አባቴ ግን የሚያልፈውን ሁሉ ሕመሙን በድምፁ ያውቀዋል፤ ሳይነካ ማሳለፉ ራሱ ይገድለዋል።

ወልድያ ወሰድኩት። የተቀበለን ወጣት ሐኪም ትሕትናው ልብ ይነካል፤ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ወንበር ሳበለት። አባቴን በተቀመጠበት ደም ግፊቱን ለካና፣ «አባባ፣ ደህና ነዎት። እርጅና ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል?» አለ።

አባቴ ኮፍያውን እያሻሸ፣ «ልጄ፣ እኔ ጋ የሚመጣ የውርጌሳ መስመር ሚኒባስ አለ፤ በዕድሜ ይበልጥሃል። አርጅቷል ብዬ ብመልሰው ባለቤቱ ምን ይለኛል?» አለው።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጤና ነው፤ ሰው ፊት መናገር ግን የሚያስተምር አላገኘሁም። እዚያ እንዳነበብኩት፣ መልሱ መርሳ ላይ መገኘቱን ያልሰሙ ተመራማሪዎች፣ አረጋውያን ለምን ይወድቃሉ እያሉ ዓመታት ፈጅተዋል። ደም ግፊትን ጋደም ብሎና ቆሞ መለካት፣ የሚዋጠውን መድኃኒት ማየት፤ ይህን ቀላል ነገር ያገኙት «እርጅና ነው» የሚለው መልስ ስላልበቃቸው ነው። ምን ዓይነት ሥራ ፈቶች!

ወለሉን እያየሁ፣ «ቆሞ... ቢለካስ?» አልኩ።

«ምን አልሽ፣ እህቴ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ጋደም ብሎ ተለካ፣ ቆሞ ተለካ። ሲቆም ግፊቱ ወረደ። ሐኪሙ የሚውጠውን መድኃኒት ጠየቀ፤ ለካ በየቀኑ የሚውጠው የግፊት ኪኒን በዝቶበት ኖሯል። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት፤ ሲነሣም ቀስ እንዲል መከረው።

አባቴ ወጣት አልሆነም፤ ፀጉሩም አልጠቆረም። ማዞሩ ብቻ ለቀቀው፣ ጋራዡም ሳይዘጋ ቀረ። ዘመድ ግን በምርመራው ጸንቷል፤ «እርጅናው ሻል አላቸው» እያለ ያወራል።

ባለፈው ሳምንት የውርጌሳው ሚኒባስ እያሳለው መጣ። አባቴ ኮፈኑን ሳይከፍት እጁን ጫን አደረገበትና በታላቅ ትሕትና፣ «እርጅና ነው አባባ፣ ምን ይደረጋል?» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ በእናትዎ! እንጀራዬ ነው!» ሾፌሩ ጮኸ።

አባቴ እየሳቀ መኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። በሩን አልያዘም።