የሰዓት ሠሪው ጉበት

የሲን ደም የሰጠው ለጽድቅ ነው ቢል ውሸት ይሆንበታል። ፒያሳ፣ ከሰዓት መጠገኛ ሱቁ ፊት ለፊት የደም ለጋሾች ድንኳን ሲተከል፣ ጎረቤቱ ጫማ ነጋዴው ፍትዊ «አንተ እንኳን ደምህን፣ መርፌም ስታይ ትወድቃለህ!» ብሎ ስለሳቀበት ብቻ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። አልወደቀም። እንዲያውም ክንዱ ላይ የተለጠፈችውን ጥጥ እንደ ኒሻን ለመንገደኛው ሁሉ እያሳየ ተመለሰ።

በአሥረኛው ቀን ደሙ ከተመረመረበት ሐኪም ቤት ተደውሎ ተጠራ። ነርሷ በሩን ዘግታ አስቀመጠችው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነውና፣ በር ተዘግቶ የሚነገር ደግ ወሬ እንደሌለ ያውቃል።

«አቶ የሲን፣ ደምዎ ላይ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት ታይቷል» አለችው። «በሽታው አለብዎት ማለት ግን አይደለም። ማረጋገጫ ምርመራ እንልካለን፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽዎን ብቻ ለብቻ ያድርጉ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር የሲን ይዞ የወጣው እሷ እንኳ ያላለችውን «ጉበት» የሚለውን ቃል ነበር።

ሠላሳ ዓመት ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ፒያሳ ዳገቱን ሳያርፍ የወጣ ሰው፣ የዚያን ዕለት ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። ማታ ቀኝ ጎኑን ወጋው፤ በማግስቱ ግራውን። ጉበት በየት በኩል እንደሆነ ሰው ጠይቆ «በቀኝ ነው» ሲባል፣ የግራው ውጋት ወዲያው ለቀቀው።

«አንድ ወዳጄ ጉበቱን አሞት» አለው ፍትዊን፣ የማይመለከተው መስሎ።

«ካሮት!» አለ ፍትዊ ሳያስብ። «አጎቴን ከሞት የመለሰው ካሮት ነው። ለወዳጅህ ንገረው።»

ወዳጁ በቀን ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ የካሮት ጭማቂ መጠጣት ጀመረ። በዚያ ላይ የሱቁን መሳቢያ በጥሬ ካሮት ሞላው፤ ደንበኛ ሲመጣ ማላመጡን ያቆማል፣ ሲሄድ ይቀጥላል። ቤት ደግሞ የራሱን ኩባያና ማንኪያ ለየ። «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። ባለቤቱ ኡሙሀኒ ዝም ብላ ታየዋለች። ሃያ አራት ዓመት በትዳር ኖረው እንዲህ ዝም ብላው አታውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት መዳፉ ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የመብራቱ ነው አለ። ደጅ ወጥቶ አየው፤ ቢጫ። ለሰዓት መጠገኛ ዓይኑ ላይ የሚሰካውን ማጉያ መነጽር አድርጎ አየው፤ የባሰ ቢጫ። «በቃ፣ የወፍ በሽታ» አለ። ሱቁን ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ገባና ሁለት እጁን እንደ ተማራኪ ዘርግቶ ኡሙሀኒ ፊት ቆመ።

«ልሞት ነው» አላት። ሁሉንም ነገራት።

ኡሙሀኒ መዳፉን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምታየው። «እኔ እኮ ሌላ ሚስት ልታገባ ነው ብዬ ነበር» አለች።

«በዚህ ጉበት?»

አልሳቀችም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻህን? እኔ ምንህ ነኝ?» አለችና እንባዋ መጣ። ወዲያው ነጠላዋን ደርባ ወደዚያው ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች።

ሐኪሟ ዶክተር አርሴማ የዓይኑን ቆብ በጣቷ ከፍ አድርጋ አየች። «የወፍ በሽታ ቢሆን ዓይንዎም ቢጫ ይሆን ነበር። የእርስዎ ግን ነጭ ነው» አለች። «ካሮት ያበዛሉ እንዴ?»

የሲን አቀረቀረ።

«ውጤትዎም መጥቷል፤ ቫይረሱ የለም። ድሮ ይዞዎት ነበር፣ ሰውነትዎ ራሱ አስወግዶታል። ምናልባት ዓመታት አልፈውት ይሆናል። ምልክቱ ግን ደምዎ ውስጥ ስለሚቀር ከእንግዲህ ደም መለገስ አይችሉም።»

«ድካሙስ? ውጋቱስ?»

«እንቅልፍ ይተኛሉ?»

«ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው» አለች ኡሙሀኒ በእሱ ፈንታ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ።»

ዛሬ ወሬውን ሰው ሳይጠይቀው ራሱ ያወራዋል። «በሽታው ሲይዘኝ ጤነኛ ነበርኩ፤ ጥሎኝ ሲሄድ ታመምኩ» ይላል። «ሰፈሬ እሪ በከንቱ አይደል? ወጉ አይቅርብኝ ብዬ በከንቱ እሪ አልኩ።» ፍትዊ ይህን ሲሰማ በሳቅ ጫማ ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ አጎቱ እንደዳነ ግን እስከ ዛሬ ይምላል።

የመዳፉ ቢጫ እስኪጠፋ ሁለት ወር ፈጀ። «ምን ነክቶህ ነው?» ለሚሉት ደንበኞች «ወርቅ ቤት ተቀጥሬ» ይላቸው ነበር። ኡሙሀኒ ግን ይህን ቀልድ አትወደውም። ሶፋው ላይ ትልልቅ ትራሶች ደርድራ፣ እንኳን የሚተኛበት የሚቀመጥበትም ቦታ አሳጣችው።