ዳማን የሚያሳክከው አረም

ዛሬ ጠዋት ከአጥሬ ሥር የገጀራ ድምፅ ስሰማ ልቤ ቀጥ አለ።

ለውሻዬ ለዳማ የመጡ መሰለኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሆዱን እያከከ ያቆስላል። ጎረቤቶቼ «እከክ ነው፣ ለልጆቻችን ይተርፋል፣ አስወግደው» ብለውኛል።

(አልጋ ሥር ልደብቀው ሞከርኩ። ዳማ ከአልጋው ይበልጣል።)

በሩን ስከፍት ግን ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ናቸው። እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከተማችንን ከሚሴን የወረረውን ያንን ባለ ነጭ አበባ አረም፣ ፓርቴኒየሙን፣ ይጨፈጭፋሉ።

«የከብት ሐኪሙ ትናንት በር ላይ ሲነግርህ ሰምቻለሁ» አሉ። «አለርጂ ነው፣ ከአረሙ አበባ ነው አላለህም? ውሻህን አልነካም፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አለኝ። አረሙን ግን ወላሂ አልተወውም። ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

አብረን አጸዳን። ሐኪሙ እንዳዘዘው የዳማን እግርና ሆድ በውሃ ሳለቀልቅ፣ እሳቸው ከሩቅ «ከጣቶቹ መሃል! የአበባው ብናኝ እዚያ ነው የሚደበቀው!» ይሉኛል።

አመሰገንኳቸው። «አብሽር፣ አይዞህ» ብለውኝ ወጡ። ከዚያ በመንደሩ መሃል ድምፃቸውን ሰማሁ፦

«እከክ አይደለም! ውሻውን ተዉትና በየአጥራችሁ ያለውን አረም ንቀሉ!»

ዳማ ጥላ ሥር ተኝቷል። እኔም ዛሬ በሩን አልቆለፍኩም።

የእናንተን ውሻ በአበባ ወራት ምን ያሳክከዋል? ማንስ ደረሰላችሁ?