ባንዲራው ሳይወርድ የመሸ ዕለት

አርብ ገበያ ወደምትባል ከተማ አስተማሪ ሆኜ በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ የወረዳው ገዢ ከደብረ ታቦር አንድ አዲስ ነገር ሰምተው መጡ። ባንዲራ ሌሊት ተሰቅሎ የሚያድር ከሆነ ጨለማ ሊነካው አይገባም፤ መብራት ይበራለታል። የእኛው እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ስትጠልቅ ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ግምጃ ቤት ነበር የሚያድረው። ገዢው ግን በዘውድ በዓል ዋዜማ በርቶለት አደባባይ ይደር አሉ።

ነገሩ ከነከነኝ። ጨርቁን ጨለማ ቢያገኘው ምን ይሆናል? በዚያ ሰዓትስ ማን ሊያየው ነው? ገዢውን ብጠይቃቸው «እንዲታይ ነዋ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መተው አልችልም። የመብራቱን ሥራ ራሴ ልያዘው ብዬ ለመንኩ፤ እሺ አሉኝ።

በከተማው ያለችው አንዲት ማሾ፣ እየተነፋች የምትበራ የላምባ መብራት፣ የጽሕፈት ቤቱ ነበረች። ከዋዜማው በፊት በነበረው ምሽት ሞከርናት። ከምሰሶው ሥር ስናስቀምጣት የባሕር ዛፍ ምሰሶውን ብቻ አበራችና ባንዲራው ከላይ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ወደ ላይ ስንሰቅላት ደግሞ ነፋሱ ጨርቁን እያመጣ ከእሳቱ ሊያገናኘው ሆነ። በመጨረሻ ግራና ቀኝ፣ ራቅ አድርገን፣ ሁለት ሌሎች ምሰሶዎች ተከልን። በአንዱ ማሾዋ፣ በሌላው ትልቅ ፋኖስ እንዲሰቀል ተስማማን።

ዋዜማው አርብ ዋለ፤ ገበያው ሞልቷል። በከተማችን ማታ ጥሩምባ ከተነፋ፣ ባንዲራው ወርዶ ዘበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ባርኔጣ ይወልቃል፤ አህያ ይያዛል። የተንቀሳቀሰ ከዘበኛው ዱላ አያመልጥም። ገዢው «መብራት ሲበራለትም ክብር ይገባዋል» ብለው ጥሩምባው እንዲነፋ አዘዙ። ተነፋ፤ ገበያተኛው ቀጥ አለ።

ፋኖሱ ወዲያው በርቶ ተሰቀለ፤ ማሾዋ ግን አኮረፈችብኝ። ብነፋት፣ ብለማመጣት፣ ነፋሱ ያጠፋታል። ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ሲደበዝዝ በስንት መከራ በራች። ሰቅለናት ዘወር ስል ሰዉ ሁሉ አንጋጦ እንደቆመ ነው። መብራቱን አይቶ አልጠግብ ያለ መሰለኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ተሰማኝ።

ከመካከላቸው ባዶ ስልቻ ትከሻዋ ላይ የጣለች ወጣት ሴት ወደ ፊት ራመድ አለች።

«ቁሚ!» ብሎ ዘበኛው ጮኸባት።

ቆመች። ከቆመችበት ግን ወደ ገዢው ዞራ «ጌታዬ፣ መቼ ነው የሚወርደው?» አለች።

«ነገ ማታ» አሏት።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሽማግሌ «እግዚኦ!» ሲሉ ተሰማ። ያኔ ገባኝ። ለካ ሰዉ መብራቱን ሊያይ አልቆመም፤ ባንዲራው እስኪወርድ እየጠበቀ ነው።

«ታዲያ መብራቱ ምን ያደርግለታል ጌታዬ?» አለች ወጣቷ።

«እንዲታይ ነው።»

«እሰይ፣ አየሁት፤ ያምራል። ልጄን ግን ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም። ገና ከጡት ሌላ አያውቅም። ቤቴ ቆላ ነው፤ መሽቷል፤ ጅቡም መውጫው ነው። ልሂድ?»

በማሾዋ ብርሃን ሳያት ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል። ሁላችንም አየን፤ አንገታችንን ደፋን። ገዢው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግቡ እንጂ፣ ወገኖቼ! ማን ቁሙ አላችሁ?» አሉ። ዘበኛው መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሳቸው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄዱና ፋኖሱን በገዛ እጃቸው አውርደው ሰጧት።

«ያዢ። በሚመጣው አርብ ትመልሺዋለሽ።»

«አንዱ ጎኑ እኮ ጨለመ» አልኳቸው።

«ይጨልም» አሉኝ። በጣም ወደድኳቸው።

ወደ ቆላ የሚወርዱት ሁሉ ተከትለዋት ሄዱ። እኛም ወደ አደባባዩ ጫፍ ወጥተን፣ ጀርባችንን ለባንዲራው ሰጥተን፣ ፋኖሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ማየት ያዝን። በመታጠፊያው ይጠፋል፤ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታያል። ዘበኛው እንኳ ቦታውን ትቶ መጥቶ ከጎናችን ቆመ።

ገዢው ቆየት ብለው «ትደርስ ይሆን?» አሉ።

መብራቱ ገና ይወርድ ነበር።