ሩዝ ጣሳ ውስጥ የተኛው ሞተር

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሞተር ማስተኛት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከባሮ ዳር ተመልሰን በረንዳችን ላይ ተቀምጠናል። ባለቤቴ አሸዋ የሞላ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ የስፌት መኪናዬን ዘይት ይዞ ወጣ።

«እሱ የእኔ ነው» አልኩት።

«ሦስት ጠብታ ብቻ።»

«ባለፈው ሳምንትም ሦስት ጠብታ ብለህ ጠርሙሱን ጨረስከው።»

«አንቺ ሴት፣ የአንቺ መኪና ዘይት ሲያንሳት ትጮሃለች። ይሄ ግን ዝም ብሎ ነው የሚዝገው። በይ ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። ሞተሩ ከጡጫዬ ያንሳል። ባለቤቴ በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመካኒክነት መምህር ነበር። ሞተሩን ገና ወጣት ሳለ ጭነት ያመጣ የነበረ አንድ የውጭ አገር አብራሪ ሰጥቶት ሄደ፤ ሞተሩ የሚገጠምበትን ትንሽ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ደግሞ ራሱ ከቀላል እንጨት ጠርቦ ሠራው። ሬዲዮ የለውም። በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታስሮ ዙሪያውን ይበራል፤ ባለቤቴም ሽቦውን ይዞ መሃል ላይ አብሮ ይሽከረከራል። በበጋ ባሮ ሲጎድል የሚወጣው አሸዋ አየር ማረፊያችን ነበር። የእኔ ሥራ የአውሮፕላኑን ጭራ ይዤ መቆየትና ባለቤቴ ከመሃል ራሱን ሲነቀንቅልኝ መልቀቅ ነው። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩን «መምህሩ በገመድ የታሰረ ፍየሉን ሊያግድ መጣ» ይሉ ነበር።

የዚያን ቀን ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ አሸዋው ላይ በሰላም አረፈ። ባለቤቴ ግን አዙሮት ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ተንገዳገደና አንዲት ሴት ያሰጣችው አንሶላ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«መምህር» አለችው፣ «አውሮፕላኑ በደህና ወርዷል። አንተ ነህ የወደቅከው።»

ሞተር የሚተኛበት ሕግ ነበረው። አልኮል ያለበት ነዳጁ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚጠጣ ጠብታ እንኳ ውስጡ መቅረት የለበትም፤ ስለዚህ በመጨረሻ የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጦ ይይዝና ሞተሩ የቀረውን አቃጥሎ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ከዚያ ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ ዘይቱ ሁሉም ጋ እንዲደርስ ፕሮፔለሩን በእጅ አሥር ጊዜ ማዞር ነው። ቀጥሎ በጥጥ ጨርቅ ይጠቀለላል። ላስቲክ ያልበዋል፣ አይሆንም። በመጨረሻም ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ጋምቤላ ውስጥ በክረምት ደረቅ ቦታ ፈልጉ እስቲ! የእኛ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ገንፎ ይሆናል። ባለቤቴ ቤቱን ሁሉ ዞሮ ዞሮ የመረጠው ትልቁን የሩዝ ጣሳዬን ነበር። ሩዝ እርጥበት ይስባል አለኝ። ሞተሩን ካልሲ ያለብሰውና ሩዙ መሃል ይቀብረዋል። ስቆጣ «ካልሲው እኮ ንጹሕ ነው» ይለኛል፤ የተቆጣሁት ለካልሲው ይመስል። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እኛ ቤት ምሳ በሉ። ሩዙን እሳቸው ረጅም ጊዜ አኘኩት። ከማዕድ በኋላ የሚያደርሱት ጸሎት የታወቀ ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን ግን በጣም አጭር ሆነ።

እናም ያን ቅዳሜ ጣሳውን ከድኖ «እስከሚመጣው ቅዳሜ አደራ፣ እንዳይዝግብኝ» አለ።

«ሩዜንስ ማን አደራ ይቀበለኝ?» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ለለቅሶው ከአቦቦ የመጣችው ታላቅ እህቱ ወጥ ቤቱን ተረከበች። እኔ ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ እሷ የአገሩ ተወላጅ፣ ገበሬ ናት። ለሠላሳ ዓመት ስትጠራኝ «የወንድሜ ሚስት» ነበር፤ እኔም «እህታለም» እላታለሁ። በሁለተኛው ቀን ለለቀስተኛው ሩዝ ልትቀቅል እጇን ጣሳው ውስጥ ስትሰድ የወንድሟን ካልሲ አገኘች። ካልሲው ውስጥ ዘይት የጠገበ ብረት አለ። ወንድሟ የሚወደው ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ ስታየው አንጀቷ አልቻለም። በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ፈትጋ አጠበችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ከዚያም ዳንቴል አንጥፋ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያየሁት በማግስቱ ነው። ያንጸባርቃል። ተነሥቼ ፕሮፔለሩን ሳዞረው ንቅንቅ አላለም። ዘይቱን ሳሙና ወስዶታል፤ ውሃው ግን ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። አደራ ከተባልኩ ገና አምስት ቀኑ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች እህቱ።

«ነክሷል። አይዞርም።»

«ጉልበት ነው የሚፈልገው» ብላ ሄደችና ዘነዘና ይዛ መጣች።

«አትንኪው!» ብዬ ጮኽኩ።

በሦስት ቀን ውስጥ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ኀዘኔ የወጣ መስሏቸው በአንድነት ዋይታውን አቀለጡት። ሽማግሌው ሊያጽናኑኝ እየሮጡ ገቡ። ሞተሩን ታቅፌያለሁ፤ እህቱ ዘነዘና ይዛ ከፊቴ ቆማለች።

«ምንድን ነው?» አሉ ደንግጠው።

«የወንድሜን ብረት አጥቤ ገደልኩ» አለችና እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ሽማግሌው ሞተሩን ተቀብለው አገላበጡት፤ ሳሙናው ያልደረሰበትን የጭስ መውጫ አሸተቱት። ትንሽ አሰቡ። «ለካ ሩዙ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው!» አሉ።

ከለቅሶው ወዲህ ሦስታችንም የሳቅነው ያኔ ነው።

ባለቤቴ የነከሰ ሞተር በኃይል አይነካም ይል ነበር፤ ሙቀት፣ ዘይትና ትዕግሥት ነው። ሞተሩን በጨርቅ ጠቅልለን በብረት ድስት ለስላሳ ፍም ላይ አሞቅነው፤ ትኩስ እንዳለ የስፌት መኪናዬን ዘይት አንጠባጠብኩበትና አሳደርነው። እህቱ በቋንቋዋ ጸለየችለት። በማግስቱ አሞቅነው፤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ፕሮፔለሩን በሁለት ጣቴ ገፋ ሳደርገው አንድ ጥፍር ያህል ሄደ፤ ቆየና ግማሽ ዙር። ከዚያ ውስጡ ያለው አየር «ጭፍ» ብሎ ወጣ፤ ዝገት የቀላቀለ ዘይትም ተፋ።

«ተነፈሰ!» ብላ እህቱ እጆቿን አጨበጨበች። ወዲያው ቆጣ ብላ «ሩዝ ውስጥ ግን አትመልሺው፣ የወንድሜ ሚስት» አለችኝ።

መለስኩት። አውሮፕላኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማብረር አልችልበትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ከጣሳው አወጣለሁ፤ ሦስት ጠብታ ዘይት አደርግበታለሁ፤ ፕሮፔለሩን አሥር ጊዜ አዞራለሁ፤ ካልሲው ውስጥ መልሼ እከድነዋለሁ።