አባዬ ሲራመድ አረፈደ

መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጠሯት «ቆጥቋጣዋ» እያሉ ነው። በገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ በገንዘብስ እጇ ወንፊት ነው። የምትሰስተው ለባይት ነው። ባይት ማለት ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት ትንሽ ቁጥር ብቻ የምትይዝ ኢምንት ቦታ ናት። ዓለም ሁሉ በስልኩ ቪዲዮ ሲያወርድ በሚውልበት ዘመን፣ እሷ አንዲት ባይት ለማትረፍ ግማሽ ቀን ስትተክዝ ትውላለች። ለዚህም ነው እንግዲህ ዓይኗ የሚጠፋው።

ሥራው ያስገድዳታል። መሥሪያ ቤቱ በአረጋውያን እጅ ላይ የሚታሰር አምባር ይሠራል። አምባሩ የልብ ምት ይቆጥራል፤ ሰውዬው ተኝቶ፣ ተቀምጦ፣ እየተራመደ ወይም ወድቆ እንደሆነ ይለይና ግድግዳ ላይ በምትሰካ ትንሽ ሳጥን በኩል ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ ወደሚፈታው ትልቅ ኮምፒውተር ይልካል። ባትሪዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ አምባሩ ብዙ ባወራ ቁጥር ቶሎ ትሞታለች። ስለዚህ ቃል አይላክም፣ ቁጥር ነው የሚላከው። መተኛት ዜሮ፣ መቀመጥ አንድ፣ መራመድ ሁለት፣ መውደቅ ሦስት። ላኪውም ተቀባዩም ቅደም ተከተሉን ስለሚያውቁት ስም መጻፍ አያስፈልግም። ይህን የማሸግና የመፍታት ፕሮግራም ራስት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው እሷ ናት።

ከአባቷ ወረሰችው ቢሏት ትስቃለች፤ ነገሩ ግን ከእውነት አይርቅም። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ቤት ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ነው። ሌላው በሁለት መኪና የሚያመላልሰውን ቤት እሱ በአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ጠቅልሎ ይነሳል። ድስት በድስት ውስጥ፣ ትራስ በወንበር እግር መሀል፣ ጫማ በባልዲ ውስጥ። ካርቶን ላይ ግን ምን እንዳለበት ጽፎ አያውቅም። «የምጭነው እኔ፣ የማወርደው እኔ፤ ለማን ብዬ ነው የምጽፈው?» ይል ነበር። እሷም ልጅ ሆና ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው።

አብረዋት የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁሉን ነገር ስለሚጠረጥሩ ቢሮው ሁሉ «ጋሽ ጥርጣሬ» ይላቸዋል። ገና ሥራው ሲጀመር፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ አንዲት ባይት አድርጊ። ይህ መልእክት በስንተኛው ሥርዓት እንደታሸገ ትናገር። ነገ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ታድንሻለች» ብለዋት ነበር።

«ጋሼ፣ የማሽገው እኔ፣ የምፈታው እኔ! ለማን ብዬ ባይት ላባክን?» አለቻቸው። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ «ቆጥቋጣዋ» የሚለውም ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የተለጠፈባት።

ያን ጊዜ ጉልበት ነበራት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ግን፣ በተለይ አባቷ ባለፈው ዓመት ወድቆ ዳሌውን ከተጎዳ በኋላ፣ ሌላ ሰው ሆናለች። ያ ቁም ሳጥን በጀርባው ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰውዬ ዛሬ ከአልጋ እስከ ወንበር ነው፤ እሱም ግድግዳ እየዳበሰ። ጠዋት ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ምሳውን በርጩማ ላይ ሸፍና ታስቀምጥና ሁለት ታክሲ ይዛ ሥራ ትገባለች። ማታ ያው ነው። ወንድም አላት፤ ወንድሟ ሩቅ፣ ምክሩ ቅርብ ነው። «ሐኪም ቀይሪ፣ ፍራሽ ቀይሪ፣ እንዲህ አብይው» ይላል በስልክ። ኧረ እባክህ! ድካሟ እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት አይደለም፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል።

በፊት ጎረቤታቸው እትዬ ቁልፍ ይዘው ረፋድ ላይ ብቅ እያሉ ያዩላት ነበር። አምባሩ ገና ለገበያ ሳይወጣ በሠራተኞች ወላጆች ላይ ይሞከር ሲባል፣ የመጀመሪያውን ለአባቷ አሰረችለት።

«አባዬ፣ ይሄ ካለህ እኔ አጠገብህ እንዳለሁ ቁጠረው። ብትወድቅ ወዲያው ይነግረኛል፣ በርሬ እመጣለሁ» አለችው።

«እንግዲያ እትዬን ምን አደከመ?» አለ አባቷ። ሰው ማስቸገር ሞቱ ነው። እሷም ሄዳ ቁልፉን ተቀበለቻቸው። «ከእንግዲህ አይድከሙ እትዬ፣ ማሽን ያየዋል» ስትላቸው፣ ሴትዮዋ ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለና «እንዳልሽ ልጄ» ብለው ሰጧት። ቅር እንዳላቸው ገብቷታል፤ ለማባበል ግን ጉልበቱ ከየት ይምጣ?

በዚያ ሳምንት አለቃዋ አዲስ ነገር አመጣ። አለቃ መቼ አርፎ ይቀመጣል? «መቆም የሚል ይጨመር። ሰው ተቀምጦ ወይ ተራምዶ ብቻ አይኖርም፣ ይቆማልም» አለ። እውነቱን ነው። እሷም ማልዳ ገብታ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ ፕሮግራሙን ከፈተች። አዲሱን ቃል ከታች ጣል ልታደርገው አሰበችና አስጠላት። ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይራመዳል፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። ስለዚህ «መቆም»ን በ«መቀመጥ» እና በ«መራመድ» መሀል አስገባችው። ሲያዩት እንዴት ያምራል!

የራስት ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፉትን መርምሮ የሚያሳልፈው ፕሮግራም፣ ነገረኛ አማት ማለት ነው። ነጠላ ሰረዝ ቢጎድል ይነጫነጫል፤ ያልተጠቀሙበትን ነገር አስቀመጡ ብሎ ይቆጣል። የዚያን ጠዋት ግን ዝም አለ። እሷም ለመፈተን በአዲሱ ሥርዓት አሸገች፣ በዚያው በአዲሱ ሥርዓት ፈታች፤ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች። ልክ ነው አለ። ሰርቨሩ ላይ ጫነችውና ወንበሯን ደገፍ አለች። በየሰዉ እጅ ላይ ያሉት አምባሮች ገና በአሮጌው ሥርዓት እንደሚናገሩ ታውቃለች፤ የእነሱ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ታውቃለች፣ ግን ትዝ አላላትም። የደከመ ሰው ዕውቀት እንዲህ ነው።

ረፋዱ ላይ ስክሪኑን ብታይ፣ በአባቷ ስም ትይዩ «መራመድ» ይላል።

ዓይኗን አሸት አደረገች። መራመድ! የልብ ምቱም ከፍ ብሏል። እየተራመደ ነዋ! ትንሽ ቆይታ አየችው፤ አሁንም መራመድ። ስልክ ደወለችለት፣ አያነሳም። ቢሄድ ቢሄድ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ይሆናል፣ እንዴት ይስማ ብላ ተወችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አላት።

ወንድሟ ጋ ደወለች። «አባዬ እየተራመደ ነው!»

«የትኛው አባዬ?»

«የቱ አባዬ አለን ደግሞ? አባዬ ነዋ! ከረፋድ ጀምሮ አልተቀመጠም።»

«እሰይ! ያ ያልኩሽ ቅባት ነው» አለ ወንድሟ። ቅባቱን አልገዛችውም፤ ግን ደስታው እንዳይደፈርስ ብላ «ይሆናል» አለችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እንባዋ መጣ። ምናልባት ይህ ነገር ያልቃል፣ ምናልባት አንድ ቅዳሜ እስኪበቃኝ እተኛለሁ ብላ አሰበች። ሻይ አፈላች፤ ለጋሽ ጥርጣሬም አንድ ብርጭቆ ወሰደችላቸው። ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ስትጨምርላቸው ቢሮው ሁሉ «ቆጥቋጣዋ ዛሬ ምን ነካት?» ብሎ ሳቀ።

ጋሽ ጥርጣሬ ግን ሻዩን አልነኩትም፤ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። የእሳቸውም እናት አምባር አስረዋል።

«ነይ እስቲ፣ ይህን እይልኝ» አሏት። «እናቴን ከጠዋት ጀምሮ መቆም ይላታል።»

«እና ቆመው ይሆናላ!»

«እናቴ? እናቴ ቆማ ያየኋት ፎቶ ስትነሳ ብቻ ነው» አሉና ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። ድምፁን ከፍ ስላደረጉት ቢሮው ሁሉ ይሰማል። «እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ግቢዬን እየዞርኩ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ምን ስሠራ አይተኸኛል? አሁን አታናግረኝ፣ ትንፋሼን አቋረጥከኝ» አሉና እናትየው ዘጉት።

ጋሽ ጥርጣሬ መነጽራቸውን አወለቁ። «እየተራመደች ነው። ይሄ ደግሞ ቆማለች ይላል። መራመድን መቆም ካለው፣ እንግዲህ መራመድ የሚለው...»

እስኪጨርሱ አልጠበቀችም። መሀል ላይ አንድ አስገባች፤ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ተገፋ። አሮጌው አምባር ሁለት ብሎ ሲልክ መራመድ ማለቱ ነው፤ አዲሱ ሰርቨር ግን ሁለትን መቆም ብሎ ይፈታዋል። ሦስት ብሎ ሲልክ ደግሞ አዲሱ ሰርቨር መራመድ ይላል። ለአሮጌው አምባር ሦስት መውደቅ ነው። አባቷ ከረፋድ ጀምሮ ወድቄያለሁ፣ ወድቄያለሁ ሲላት፣ እሷ ሻይ እያፈላች ነበር።

«ይመልሱት ጋሼ! የድሮውን ይመልሱት!» ብላ ስልኳንና የቤቱን ቁልፍ ብቻ አፈፍ አድርጋ ወጣች። እሳቸውም ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። «ብዬሽ ነበር» አላሉም፤ ጩኸታቸውን የሰማችው ደረጃው ላይ ነው፣ አምቡላንስ እንዲጠራ ነበር የሚጮኹት።

ታክሲ ውስጥ ሆና እትዬ ጋ ደወለች። «እትዬ... አባዬን... በሩን ያንኳኩልኝ።» ሴትዮዋ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ በስልኩ ውስጥ ይሰማታል። ሲያንኳኩ፣ ሲጠሩ። ከዚያ ከሩቅ የአባቷ ድምፅ፤ ምን እንደሚል አይለይም።

«አለ ልጄ፣ አለ! ይናገራል። ግን ወለሉ ላይ ነው። ቁልፍ የለኝም እኮ!» አሉ እትዬ። እውነት ነው፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው፤ እጇ ውስጥ ጨብጣው መዳፏን ወግቷታል። ያኔ ነው ስልኳ ኡኡ ማለት የጀመረው። ጋሽ ጥርጣሬ የድሮውን ሥርዓት መልሰውታል። «መውደቅ» ይላል፣ «መውደቅ»፣ «መውደቅ»። ሾፌሩ ዞር ብሎ አያት። አጥፊው አላላትም፣ እሷም አላጠፋችውም።

ስትደርስ እትዬ በር ላይ ተቀምጠው፣ አፋቸውን ከበሩ ስንጥቅ አስጠግተው አባቷን እያጫወቱት ነበር። ከፈተችው። አልጋና ወንበሩ መሀል ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እግሩ ከስሩ ታጥፏል፣ ከንፈሩ ደርቋል። የምሳው ሳህን እንደተሸፈነ በርጩማው ላይ አለ። አምባር ያሰረ እጁን ደረቱ ላይ፣ ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ አንዳች ነገር እንዳይነካበት የሚጠብቅ ይመስላል።

«መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ አባዬ። አትንቀሳቀስ፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው» አለችና አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ። እትዬ ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያልፉ ሰምቻቸው ነበር። ልጠራቸው አልኩና ተውኩት፤ ልጄ አውቃለች፣ መንገድ ላይ ናት፣ ለምን አስቸግራለሁ ብዬ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አይደል የቆየሽው?»

እዚያው አዎ ብትለው ያልቅ ነበር። እሱ ራሱ የማምለጫውን በር ከፍቶላታል፣ መግባት ብቻ ነው የቀራት። እትዬ እንኳ በዓይናቸው «አዎ በይው» አሏት። እሷ ግን ደክሟታል፤ ለመዋሸት የሚበቃ ጉልበት እንኳ አልቀራትም።

«የለም አባዬ። ጠዋት አይቼህ ነበር። የቁጥሩን ተራ አፋልሼው፣ ስትወድቅ ማሽኑ እየተራመድክ ነው አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ።»

አባቷ አምባሩን አየት አደረገ። ተቆጥቶ ቢሰድባት በወደደች። እትዬ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱት። ከታች የአምቡላንሱ ድምፅ መሰማት ሲጀምር፣ እጁን ከደረቱ ላይ በዝግታ አንስቶ ዘረጋላት።

«አውልቂልኝ» አላት። «ጠብቆኛል። አንቺ ነሽ ያሰርሽው ብዬ ቻልኩት እንጂ፣ ካሰርሽልኝ ቀን ጀምሮ ያመኛል።»

አምባሩን ፈታችው። ከስሩ ቆዳው ቀልቷል። እጁን ይዛ የቀላውን እያሻሸች ሳለ፣ በሌላ እጇ ቁልፉን ለእትዬ ዘረጋች፤ እትዬም ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።