አንገት የነከሰው ሐብል

ወርቅ ሠሪዋ የጆሮ ጌጥ መንጠቆ እያቃናች ሳለ አንዲት አዲስ ሙሽራ ወደ ሱቁ ገባች። በመሐረብ የጠቀለለችውን ሐብል ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ መቆለፊያው አልይዝ እያለ አስቸገረኝ። ደግሞ አንገቴን ይነክሰኛል፤ ይኸው ይዩት» አለችና ኮሌታዋን ገለጥ አደረገች።

ወርቅ ሠሪዋ አንገቷን አላየችም። ዓይኗ ሐብሉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ቅጠል ቅጠል የሚመስሉ ትንንሽ የብር ጌጦች የተያያዙበት ነው። ከመሀል ያለው ቅጠል ጅማቱ ተጣሞ ወደ ግራ ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ስህተት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የሠራችውም እሷ ናት። ያኔ ሙያውን የጀመረችበት ጊዜ ነበር፤ እሳትና ብር የሴት ሥራ አይደለም እያሉ ዘመድ አዝማዱ ሲያሽሟጥጧት፣ ከእጇ የወጣውን የመጀመሪያ ሐብል ለእናቷ ሰጠች። እናቷም ከዚያን ቀን ጀምሮ አላወለቀችውም። አላፊ አግዳሚውን እያስቆመች «የልጄ እጅ ነው!» ትል ነበር።

ይህ ሐብል ከእናቷ ጋር ተቀብሯል። ሬሳዋን ያለበሰችው ታላቅ እህቷ ናት፤ «ሐብሉስ?» ብላ ስትጠይቃት «አንገቷ ላይ ነው» ብላታለች።

በርጩማው ላይ ዘጭ አለች።

«ምነው እትዬ? አመመዎት?»

«ይህን ከየት አገኘሽው?»

«አማቴ ናት የሰጠችኝ። ነርስ ነበረች፤ ያስታመመቻት አንዲት እናት ናት የሰጠቻት ይባላል።»

ወርቅ ሠሪዋ ልጅቷን «ነገ ተመለሽ» ብላ ሸኘቻት፤ ሱቋን ቆለፈችና ሐብሉን በጡጫዋ ጨብጣ ወደ እህቷ ቤት ገሰገሰች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚስ እየተኮሰች አገኘቻት። ሰላምታም ሳትሰጣት ሐብሉን ፊቷ ላይ አንጠለጠለችው።

እህትየዋ ክው ብላ ቀረች። ካውያውን ወደ ጎን አቆመችው።

«ዋሽተሽኛል!»

«አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

«የእናታችንን ጌጥ ከሬሳዋ ላይ ፈትተሽ…»

«አፍሽን ያዢ! እኔ አልፈታሁም። ገና በሕይወት እያለች ነው የወለቀው። ተቀመጪ ሚጡ።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ፣ ቆመሽ ስሚ። ያ ሐብል አንገቷን ያቆስላት ነበር። ክረምት ከበጋ ሻርፕ የማትፈታው ለምን ይመስልሻል?»

«ብርድ አይስማማኝም ትል ነበር እኮ።»

«የምን ብርድ! ቁስሉን ልትደብቅሽ ነው እንጂ። ሆስፒታል ስትገባ ነርሷ አይታ ደነገጠች፤ ሐብሉን አውልቃ በመድኃኒት ጠረገችላት። እማዬ ‹አንቺ ውሰጂው፣ ከልብስሽ በላይ አድርጊው› አለቻት። እኔን ደግሞ ‹ለልጄ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ከሰማች ሥራውን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች› ብላ አስማለችኝ።»

ወርቅ ሠሪዋ አሁን ተቀመጠች። የሐብሉን ቅጠሎች ገልብጣ ጀርባቸውን በጣቷ ዳሰሰች። እንደ መጋዝ ከረከራት። ፊቱን እስኪያብረቀርቅ ወልውላዋለች፤ ቆዳ የሚነካውን ጀርባውን ግን ሞረድ አላስነካችውም። ያን ሁሉ ዘመን እናቷ ይህን አንገቷ ላይ ተሸክማ «የልጄ እጅ ነው» ስትል ኖራለች! ሙሽራይቱ ኮሌታዋን ስትገልጥ ያላየችው ቀይ ጭረት አሁን ገና ታያት።

ወደ ሱቋ ተመልሳ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሞረደቻቸው። ሞረዱ ሁለት ጊዜ አመለጣት። መቆለፊያውንም አስተካከለች፤ ሲያልቅ ሐብሉን በራሷ አንገት ላይ አጥልቃ፣ እያጎነበሰችና ቀና እያለች ሞከረችው።

በማግስቱ ሙሽራይቱ ስትመጣ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ታዲያ የእናትዎ ነዋ! ይውሰዱት እንጂ እትዬ!»

«እናቴ የሰጠችውን እኔ አልነጥቅም። ነይ፣ ዙሪ» አለችና አጠለቀችላት።

ልጅቷ አንገቷን ወዲያ ወዲህ አዟዟረች። «ኧረ ጭራሽ አይሰማኝም!»

ወርቅ ሠሪዋ የዚያን ቀን ሥራ እምቢ አላት። እግሯ መርቶ እህቷ ቤት ወሰዳት። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እትዬ» አለች ወርቅ ሠሪዋ፣ «እኔም የደበቅሁሽ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ያ የሰፋሽላት ሰማያዊ ቀሚስ… ብብቷን እያነቀ ትንፋሽ ያሳጣት ነበር። ‹በየበዓሉ ካልለበስኩት ትቀየመኛለች፤ እንዳትነግሪያት› ብላ እኔን አስማለችኝ።»

እህትየዋ ዓይኗ ፈጠጠ። ብድግ አለች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሰማያዊው? ሰማያዊው ቀሚስ?»

«ሰማያዊው።»

«ያቺ ሴትዮ!» አለች እህትየዋ፤ ከዚያ ሳቁ ይሁን ልቅሶው ለሁለቱም ሳይለይላቸው ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ።